ትንሿ ሞተር አልነሳ ስትል፣ ካርቡሬተሩን ተዉት

በእጅ የተሠራ ትንሽ ሞተር አልነሳ ሲል ሰው ሁሉ የሚዘምተው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ ላይ ነው። የቤንዚን መጠን የምትወስነውን መርፌ ከፈት፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈት። እኔ ግን ካርቡሬተሩ መጨረሻ ላይ ነው መነካት ያለበት ባይ ነኝ።

የእኔዋ ባለ አንድ ሲሊንደር ፎር ስትሮክ ናት። የሲሊንደሩ ስፋት 24 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞም 24፣ ወደ 11 ሲሲ ገደማ ማለት ነው። ፒስተኑን ያስቆረጥኩት መርካቶ ምናለሽ ተራ ከተገዛ አሮጌ የመኪና ፒስተን ነው፤ አልሙኒየሙ ሙቀት የለመደ ስለሆነ ከመስኮት ፍሬም ቁራጭ በጣም ይሻላል።

ተገጣጠመች፣ አልነሳም አለች። እሳት አለ፤ ካንዴላውን አውጥቼ ብረቱ ላይ አስጠግቼ ሳዞራት ሰማያዊ ብልጭታ ይሰጣል (ውጭ የሚበራ ካንዴላ አየር ሲታመቅበት ሊጠፋ እንደሚችል ሳትረሱ)። ቤንዚንም አለ፣ ካንዴላው እርጥብ ሆኖ ነው የሚወጣው። ቮላኖውን (ሞተሩን የሚያዞረውን ከባድ ጎማ) በእጅ ሳዞረው ግን ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ እምቢ አይልም። ሸርተት ብሎ ያልፋል። ኮምፕሬሽን የለም፣ አየሩ አይታመቅም።

ትልቅ ሞተር ትንሽ ቢያፈስም ይነሳል። ትንሽ ሞተር እንዲህ አይነት ምሕረት አያውቅም። መጠኑን በሁሉም በኩል በግማሽ ብትቀንሱት የሚይዘው አየር አንድ ስምንተኛ ይሆናል፣ የግድግዳው ስፋት ግን የሚወርደው ወደ አንድ አራተኛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ላለችው ጥቂት አየር ሙቀቱ የሚሸሽበት ቦታ ይበዛል፣ ትልቁን ሞተር ምንም የማይለው ቀጭን ክፍተትም ትንሹን ባዶ ያስቀረዋል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ገና ሳንጀምር ተበልተናል።

የሚያፈስበትን ለማግኘት የአሮጌ ካንዴላ ሆዱን አስወጥቼ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ቫልቭ አስያዝኩበት። ፒስተኑን ላይኛው ጫፍ አድርሼ፣ ሁለቱ የሞተሩ ቫልቮች (የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው በሮች) በተዘጉበት፣ ቮላኖውን አስይዤ አየር ነፋሁ። ጓርኒሲዮኑ (በሲሊንደሩና በክዳኑ መሃል ያለው ማሸጊያ) ዙሪያ የሳሙና ውሃ ቀባሁ፣ አረፋ የለም። የዘይት መሙያው ጋ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ዝም ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደህና ነው ማለት ነው። የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ስቀባ ግን አረፋው እንደ ማስቲካ ተነፋ።

የጭስ ማውጫውን ቫልቭ አውጥቼ ፊቱን በማርከር አጠቆርኩትና መቀመጫው ላይ ትንሽ አሽከረከርኩት። ዙሪያውን እኩል መፋቅ ነበረበት። ግማሹ ተፍቋል፣ ግማሹ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። የቫልቩ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳና መቀመጫው ቁራጩ ከማሽኑ ተፈትቶ እንደገና እየታሰረ በተለያየ እስር ስለተቆረጡ መሃላቸው አይገጥምም። እዚህ ላይ ሸካራ የብረት ማሻ ፓስታ ቀብቶ ማሸት ዋጋ የለውም፤ መቀመጫውን ያሰፋዋል እንጂ አያቃናውም።

መፍትሔው ቀዳዳውንም መቀመጫውንም ከአንድ የነሐስ ቁራጭ፣ ከቶርኖው (ብረት እያዞረ ከሚቀርጸው ማሽን) ሳይፈታ ማውጣት ነው። መቀመጫው 45 ዲግሪ፣ ጠባብ፣ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ። ቁራጩ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ውስጥ ይከተታል፣ ከዚያ ለስለስ ያለ ማሸት ይበቃዋል። እንደገና ስገጥመው ቮላኖው እጄን መልሶ ገፋኝ። ደስ ሲል!

ተነሳች፣ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች። አሁን የካርቡሬተሩ ተራ ደረሰ። ንድፉ የተሠራው ባሕር ጠለል አካባቢ ላለ ሰው ስለሆነ በዚያ ልክ የተከፈተ መርፌ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ለብሶ ነበር። ትንሽ ትንሽ እያልኩ ስዘጋው ድምፅዋ ጠራ።

ቶርኖ ቤት ስትሄዱ «ፈትቼ መልሼ አስረዋለሁ፣ ችግር የለውም» ሊሏችሁ ይችላሉ። ችግር አለው። ቆማችሁ አሠሩ። ስታስነሷት ደግሞ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ግቢ ይሁን፤ ትንሽ ብትሆንም ጭሷ ያው የመኪና ጭስ ነው።