ሙቀት የማይዘው ሞተር

የሙቀት መለኪያው መርፌ ዝቅ ብሎ ሲቀር ለወራት ደስ ይለኝ ነበር። ሞተር ፈልቶበት መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይገባዋል፤ በእኔም አንዴ ስለደረሰ ቀዝቃዛ ሞተር ጤነኛ ሞተር ይመስለኝ ነበር። የተጠራጠርኩት ነዳጁ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅና ማሞቂያው ለብ ያለ አየር ብቻ ሲነፋ ነው። ደግሞም ዳገት ስወጣ ወይም መንገድ ሲጨናነቅ መርፌው መሃል ይደርሳል፤ ሜዳ ላይ ፈጠን ስል ተመልሶ ይወርዳል። የተበላሸው ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ቢሆን ኖሮ የመንገዱን ጠባይ እንዲህ አይከተልም ነበር።

ዛሬ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ኩላንቱን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ፣ አየሁ፤ ሙሉ ነው። (ሞተሩ ትኩስ ሳለ ይህ ክዳን አይነካም፤ ፊት ያቃጥላል።) ከዚያ አስነሳሁና እጄን ከፋኑ አርቄ የላይኛውን ቱቦ ያዝኩ። ደህና ቴርሞስታት ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ ስለዚህ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በኋላ በአንዴ ይግላል። የእኔው ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ አለ። እጄ ላይ ሲመጣ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ እንደቀረ ታወቀኝ።

ሞተሩ ሲበርድ ቴርሞስታቱን ፈትቼ አወጣሁት። ቀዝቅዞም አፉን አልገጠመም፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን ክፍተት አለ። አዲሱን ገዝቼ ሁለቱንም በክር አንጠልጥዬ ድስት ውሃ ውስጥ ከተትኳቸውና ጣድኩ። አዲሱ ላይ 82 ተጽፎበታል። ውሃው ወደዚያ ሙቀት ሲጠጋ በውስጡ ያለው ሰም ቀልጦ እየተነፋ ቫልቩን ገፋው፤ ሲከፈት ማየት እንዴት ያምራል! አሮጌው ግን እዚያው እንደተገተረ ቀረ።

ያሳዘነኝ ያለፉት ወራት ናቸው። የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ሲጨምር ኖሯል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ወርዶም ከሞተር ዘይቱ ይቀላቀላል፤ ዘይቱም በደንብ ስለማይግል ያጠራቀመውን እርጥበት ማስወጣት አይችልም። ስለዚህ ዘይቱንም አብሬ ቀየርኩ። አንድ የማውቀው ሰው «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ያለሱ ይሄዳል፣ አይፈላብህም» ብሎኝ ነበር። መሄዱን ይሄዳል፤ ግን ሞተሩን ሁልጊዜ እንዲህ ማሰቃየት ነው፤ በፍጹም አልስማማም።

ማታ ሜዳው ላይ ፈጠን ብዬ ነዳሁ። መርፌው መሃል ላይ ቆመ፤ አልወረደም።