ወናፉን ያስተማረኝ ባክዊት ነው

ሂውስተን ውስጥ በየሰርጉ ኪቦርድ ስጫወት ኖሬያለሁ። አኮርዲዮን ለመማር ስነሣ ግማሹን መንገድ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር፤ በቀኝ እጅ በኩል ያለው ያው የፒያኖ ቁልፍ ነዋ። ለዚህ ያነሣሣኝ ስታንሊ ዱራል ነው፤ ዓለም ባክዊት ዛይዴኮ ብሎ የሚያውቀው የሉዊዚያና ልጅ።

ዛይዴኮ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑት የሉዊዚያና ጥቁሮች የጭፈራ ሙዚቃ ነው። የዱራል አባት ላፋዬት ከተማ ቤታቸው ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር፤ እሱ ግን የአባቱን ሙዚቃ ትቶ ኦርጋንና ፈንክ ላይ አተኮረ። እ.ኤ.አ. በ1976 የዛይዴኮው ንጉሥ ክሊፍተን ሼኒዬር ኦርጋን እንዲጫወትለት ወሰደው። የመጀመሪያው ምሽት አራት ሰዓት ያህል ያለ እረፍት ተጫውተው ሲያበቁ፣ ለዱራል ገና የጀመሩ ነበር የመሰለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከባንዱ ወጥቶ አኮርዲዮን አነሣ፤ በሠላሳ ዓመቱ፣ ከዜሮ።

ይህን ሳውቅ ነው በግራ እጅ በኩል 120 የባስ ቁልፎች ያሉት ያገለገለ አኮርዲዮን የገዛሁት። ቤት ወስጄ ስከፍተው ወናፉ፣ መሐል ላይ እየተለጠጠና እየታጠፈ አየር የሚገፋው ክፍል፣ አየር ያፈሳል። ከመግዛቴ በፊት ማሰሪያውን ፈትቼ፣ ምንም ቁልፍ ሳልነካ ወናፉን በራሱ ክብደት ማንጠልጠል ነበረብኝ፤ ቶሎ ከወረደ ያፈሳል ማለት ነው። ለጥገናው ከመግዣው ያላነሰ ወጣብኝ።

ዜማው በመጀመሪያው ቀን ወጣ፤ ድምፁ ግን ነፍስ የለውም። ኪቦርድ ቁልፉን ከተጫኑት ይበቃዋል፤ አኮርዲዮን ውስጥ ግን የብረት ምላሶቹን የሚያናግራቸው አየር ነው፣ አየሩን የሚያዘው ደግሞ ግራ ክንድ። ስለዚህ ዜማውን ትቼ ሦስት ሳምንት አንድ ድምፅ ብቻ ያዝኩ፤ እስከ ስምንት እየቆጠርኩ መክፈት፣ እስከ ስምንት እየቆጠርኩ መዝጋት። ለካ ይህ የማሲንቆ ደጋን ነው! ትዝታን ስሞክርበት ድምፁ ቀስ ብሎ ሲያብጥና ሲከስም ሰማሁት፤ ስንት ዓመት ኪቦርድ ላይ ስፈልገው የነበረ ነገር። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ ብቻውን ሲቀዳ አኮርዲዮን ያነሣው ያለ ነገር አልነበረም።

የግራ እጅ ቁልፎች አይታዩም። መሐል ላይ ያለችው የዶ ቁልፍ ግን ትንሽ ጎድጓዳ ናት፤ ጣቴ አሁን በጨለማም ያገኛታል። ምቱን የተማርኩት ከክሊፍተን ወንድም ከክሊቭላንድ ነው፤ ደረቱ ላይ እንደ ሰደርያ ያጠለቀውን የቆርቆሮ ሰሌዳ በጠርሙስ መክፈቻ ሲፍቀው እየሰማሁ፣ ወናፉን በዚያው ልክ መቁረጥ።

ዱራል እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 በ68 ዓመቱ አረፈ። ዛሬም ቅጂዎቹን ከፍቼ አብሬው እጫወታለሁ። ወናፉን እያንቀጠቀጠ የሚጫወተው ቦታ ላይ ስደርስ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግራ ክንዴ ይቃጠላል። አወርደዋለሁ፣ እጄን አፍታታለሁ፣ እንደገና ከመጀመሪያው።