የጡረታ ሰልፍ ላይ

ዛሬ ባንክ ተሰልፈን ከፊቴ የነበሩት አባት ጎንበስ ብለው ከኮታቸው ኪስ ካቻቢቴ አወጡ። የሰው ሠራሽ እግራቸው ብሎን ላልቶ ነበር። አጥብቀው ቀና ሲሉ "አይዞሽ ልጄ፣ ለምጄዋለሁ" አሉኝ።

የተጎዱት የካቲት 1991 ባድመ ግንባር ነው። የመገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። አሁን በዚያችው ካቻቢቴ የሰፈሩን አሮጌ ሬዲዮ ሁሉ ይጠግናሉ፤ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ድምፁ ሲመለስ ደስ ስለሚላቸው ብቻ ነው። እጀታዋ ላይ የተጠመጠመው ጥቁር ፕላስተር ከመያዝ ብዛት የጣታቸውን ቅርጽ ይዟል። ዓይኔን ከዚያ መንቀል አቃተኝ።

የጉዳት አበል የሚሰላው ያኔ በነበረው ደመወዝ ነው፣ የወታደር ደመወዝ። አልፎ አልፎ ማስተካከያ ቢደረግም ገበያውን አይደርስበትም። እሱ የመንግሥት ውሳኔ ይፈልጋል እሺ፤ ግን ለእንዲህ ያሉ ሰዎች አንድ ወንበርና ቅድሚያ የሚሰጥ አንድ መስኮት ማዘጋጀት ከነገ ጀምሮ ይቻላል።