ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከወንበሩ ላይ

ዛሬም ከአልጋ ወርጄ በመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ያባነነኝ ነገር የለም፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ደረቴ ላይ የተቀመጠ ክብደት አለ። እንቅልፍ እንቢ ሲል ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቆ አልጋውን መልቀቅ ለእንቅልፍ ማጣት የምከታተለው ሕክምና፣ የሲቢቲ (የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና)፣ ሕጎች አንዱ ነው፤ አልጋ የመተኛ እንጂ የመብሰልሰያ ቦታ እንዳይሆን።

ጉልበቴ ላይ ያለው ደብተር በየጠዋቱ የምሞላው የእንቅልፍ መዝገብ ነው፤ የተኛሁበት፣ የነቃሁበትና የተነሣሁበት ሰዓት ይጻፍበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ሰዓት አልጋ ላይ እየቆየሁ የምተኛው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ እንደነበር ያወቅሁት ከእሱ ነው። ቴራፒስቷ ይህን አይታ አልጋ ላይ የምቆይበትን ጊዜ ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ስታሳጥረው፣ እንቅልፍ ከራበው ሰው ላይ እንቅልፍ መቀነስ ግፍ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ነገር ግን ድካሙ ሲጠራቀም የተቆራረጠው እንቅልፌ ገጠመ፤ አልጋ ላይ ካሳለፍኩት ጊዜ ከመቶ 85 ያህሉን ስተኛ ደግሞ ሩብ ሰዓት ይጨመርልኛል።

ሲቢቲ ለድብርት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሲጀምረው በእርግጥም የድብርት ሕሙማንን ሳያስቡት ብልጭ እያለ ራሳቸውን የሚያስወቅሳቸውን ሐሳብ በመከታተል ነበር። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት ይህ እንዲሰጥ መክሯል። ለዓመት ያህል የእንቅልፍ ክኒን ሲያዝልኝ የነበረው ሐኪም አንድም ቀን አላነሣልኝም፤ ቅሬታው እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ይኸው ሕክምና ጆሯቸው ለሚጮኽባቸው፣ አንጀታቸው ለሚታወክባቸውና ለቆየ የወገብ ሕመም ጭምር እንደሚሰጥ ስሰማ ወዲያው የታየችኝ እማዬ ናት። ወገቧን ካመማት ስምንት ዓመት አልፎታል። የተሻላት ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ሃያውን እንጀራ ጋግራ፣ ልብሱን አጥባ፣ ቤቱን ወልውላ ትውላለች፤ ከዚያ ሦስት ቀን ትተኛለች። ጎንበስ ስል ይቆረጣል ብላ ስለምትፈራ ስግደት ተወች፤ ሰው ሲሰግድ ቆሞ ማየት ስላሳፈራት ቤተ ክርስቲያን ቀረች፤ ቀጥሎ የማርያም ማኅበሯን ተወች። ሕመሙ ከወገቧ ተነሥቶ ቤቷን ሁሉ ወረሰ።

ሲቢቲ የሚይዘው ይህንን ነው። ሃያውን በአንድ ጊዜ ከመጋገር፣ ቢሻልም ባይሻልም አምስት ጋግሮ ማረፍ፤ ስግደቱንም በወንበር ተደግፎ ጎንበስ ከማለት ጀምሮ ቀስ በቀስ መመለስ፤ በየደረጃው «ይቆረጣል» የሚለውን ፍርሃት ከሆነው ነገር ጋር ማስተያየት። ሕመሙን ራሱን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን ማኅበሯን ቢመልስላት ያ ለእኔ ትንሽ አይደለም።

ትናንት ማታ ደውዬ ልነግራት ሞከርኩ። «የሐሳብ ሕክምና» ከማለቴ ጸጥ አለች። በእኛ ቋንቋ ሐሳብ ማሰብም ነው፣ ጭንቀትም ነው፤ ከዓመታት በፊት አንድ ሐኪም የራጅ ፊልሟን አይቶ «ይህ በሐሳብ የመጣ ነው» ሲላት እያለቀሰች ቤት እንደገባች ረስቼ ነበር። «ልጄ፣ የሚያመኝ ወገቤን ነው፤ አእምሮዬን አይደለም» አለችኝ። ልክ ናት፤ ሕመሟ እውነተኛ ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነበር፤ ይህን የማያስቀይም ቃል ግን ሌሊቱን ሙሉ ፈልጌ አላገኘሁም፤ «የልምምድ ሕክምና» ብላት ይሻል ይሆን?

ስልኩን ልንዘጋ ስንል፣ «አንቺስ እንቅልፉ ተሻለሽ? ክኒኑ ሠራልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ክኒኑ ነው» አልኳት። ክኒኑን ከተውኩ አራት ወር ሆኖኛል። ለምን እንዲያ አልኩ?