«ራጁ ምንም የለም አለ»

ክረምት ሲገባ ጅማ ውስጥ እጅ ይሰበራል። ጭቃው ነዋ! ሰው ሲያዳልጠው ሳያስበው መዳፉን ይዘረጋል፤ ክብደቱ ሁሉ አንጓው ላይ ያርፋል። ከጅሬን ቁልቁለት ሲወርዱ ወድቀው የሚመጡ እናቶችን ገና በር ላይ እለያቸዋለሁ። እጃቸውን በነጠላ አንጠልጥለው ይገባሉ፤ አንጓው የሹካ ጀርባ መስሎ ጎብጧል። በእነሱ ዕድሜ አጥንት ስለሚሳሳ ትንሽ መውደቅ ይበቃዋል። ይህን ስብራት አየርላንዳዊው ሐኪም ኮልስ የጻፈበት እ.ኤ.አ. በ1814 ነው። ራጅ ደግሞ የተገኘው በ1895። ሰውየው በዓይኑና በጣቱ ብቻ ነው የለየው! እኛ ማሽን ይዘን እንኳ አንዳንዴ እንከራከራለን።

ራጅ አንሺ ነኝ። በየቀኑ የማላመልጠው ጥያቄ «ለምን ሁለቴ ታነሳኛለህ?» የሚለው ነው። በቀደም አንዲት እናት «ብር ለመጨመር ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ። «አይደለም እማማ» ብዬ ሁለቱን ፊልም መብራቱ ላይ ሰቀልኩላቸው። ከፊት የተነሳው ላይ አጥንቱ ቀጥ ያለ ይመስላል። በጎን የተነሳው ላይ ግን ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። ዝም ብለው አዩና «ጉድ ነው» አሉ።

ክንድ ላይ ደግሞ ክርኑም አንጓውም ካልገባ ፊልሙ ጎዶሎ ነው። ሁለቱ አጥንቶች ጎን ለጎን የታሰሩ ናቸው። አንዱ መሃል ላይ ሲሰበር ሌላው ክርኑ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ስብራቱን አይተው ውልቃቱን ከረሱት ልጁ ጄሶው ከወጣለት በኋላም ክርኑን እንደ ልብ አያዞርም።

የልጆች ክርን ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከአቮካዶ ዛፍ የወደቀ ልጅ ሲመጣ ፊልሙ ላይ የተበታተኑ ትናንሽ አጥንቶች ይታያሉ። ወላጅ ይደነግጣል። ብዙዎቹ ግን ስብራት አይደሉም። ከ1 ዓመት እስከ 11 ዓመት ገደማ ተራ በተራ ብቅ የሚሉ ስድስት የእድገት ቦታዎች አሉ፤ ኋላ ይገጣጠማሉ። ሐኪሙ ሲጠራጠር ጤነኛውንም ክርን አስነስቶ ያስተያያል።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። «ራጁ ምንም የለም ብሏል» ተብሎ ቤት የሚቀመጥ ሰው! አውራ ጣት ሲዘረጋ ከሥሩ ጎድጎድ የምትል ቦታ አለች። ከወደቃችሁ በኋላ እሷን ስትጫኑ ካመማችሁ ስካፎይድ የምትባለው ትንሽ አጥንት ተሰንጥቃ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ ቀን ፊልም ላይ ላትታይ ትችላለች። ስለዚህ እጁ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሌላ ራጅ ይነሳል። ደሟን የምታገኘው በአንድ ጫፍ በኩል ስለሆነ ችላ ከተባለች ግማሿ ሊሞት ይችላል። የባጃጅ ሾፌሮቻችንና የኳስ ልጆች ይህን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል።

የአጥንት ኢንፌክሽንም እንዲሁ ነው። ልጅ ትኩሳት ይዞት ክንዱን አላስነካ ሲል ፊልሙ ንጹህ ሊሆን ይችላል። አጥንቱ ከማዕድኑ ሲሶ ያህሉን ካላጣ ራጅ ላይ ለውጥ አይታይም፤ ያ ደግሞ ከ10 ቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሐኪሙ ፊልሙ ንጹህ ሆኖም «አስተኙት» ካለ አትከራከሩት።

ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ ከመጣችሁም አልቆጣም። ግን ቀርከሃውና ጨርቁ ተጠብቆ ታስሮ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሲዘረጉ ነፍስ የሚያወጣ ሕመም ካለ ነገ አትበሉ። እዚያው ፈታችሁ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። ራጅ ኋላ ይደርሳል።

ሌላው ቀለበት ነው። እጃችሁ እንደተመታ፣ ሳያብጥ፣ በሳሙና አውልቁት። የጋብቻ ቀለበት በመቁረጫ ሲቆረጥ የባልየውን ፊት ማየት አልወድም።