ኢሳይያስ 53ን ከየት እንጀምር?

ስለ መከራ ተቀባዩ የእግዚአብሔር ባሪያ የሚናገረው ኢሳይያስ 53 የሚጀምረው ከ53፥1 አይደለም። ክፍሉ ከ52፥13 «እነሆ፥ ባሪያዬ» ከሚለው ተነሥቶ እስከ 53፥12 ይዘልቃል፤ 15 ቁጥር ነው። የምዕራፍ አከፋፈሉ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣ ስለሆነ ነቢዩ አያውቀውም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁጥሮች የዘለለ አንባቢ ባሪያው ገና ከመነሻው ከፍ ከፍ እንደሚል፣ ነገሥታትም በእርሱ ፊት አፋቸውን እንደሚዘጉ ሳያይ በቀጥታ ወደ ሕማሙ ይገባል። መከራው በሁለት ክብሮች መካከል የተቀመጠ ነው፤ 53፥12ም ወደ ክብሩ ይመለሳል። በ53፥1 ላይ የሚናገሩት «እኛ» እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄም ከ52፥15 ተነጥሎ አይፈታም።

ባሪያውስ ማን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪ ይቸኩላል። 49፥3 ባሪያውን በስሙ «እስራኤል» ይለዋል። ስለዚህ አይሁድ መከራ ተቀባዩ ሕዝቡ ራሱ ነው ሲሉ ከመሬት ተነሥተው አይደለም። አይሁዳዊው የመጽሐፍ ቅዱስ ሐተታ ጸሐፊ ራሺ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ጽፏል፤ ነገር ግን ከእርሱ 800 ዓመት ገደማ ቀድሞ የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ኦሪገን ከአይሁድ ሊቃውንት የሰማው መልስ ያው ነበር። «ክርስቶስን ለመካድ ኋላ የተፈጠረ ትርጓሜ ነው» የሚለው ክስ እንግዲህ አይጸናም። የክርስቲያኑ ጠንካራ መልስ ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ በ49፥5-6 ባሪያው ያዕቆብን የሚመልስ ነው፣ በ53፥8ም ስለ ሕዝቡ ኃጢአት የሚመታ ነው፤ የሚመልሰውና የሚመለሰው ደግሞ አንድ ሊሆኑ ይከብዳል። ታርጉም የተባለው የአይሁድ የአራማይስጥ ትርጉምም በ52፥13 ባሪያውን በግልጽ «መሲሕ» ይለዋል። ታርጉሙን በማስረጃነት የሚጠቅስ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ያንብበው፤ መከራውን ከመሲሑ አንሥቶ ለሌሎች ያከፋፍለዋልና።

ሐዋርያት ክፍሉን እንዴት እንደተጠቀሙበት ማየት ከሁሉ ይበልጣል። ማቴዎስ 8፥17 «ደዌያችንን» የሚለውን ቃል የጠቀሰው ስለ ፈውስ ነው፤ ገና የጴጥሮስ አማት ከትኩሳት መነሣቷ ነበር፣ መስቀሉ ሩቅ ነው። ዮሐንስ 12፥38 እና ሮሜ 10፥16 «ማን አምኖአል?» የሚለውን ለአለማመን ጠቀሱት። ጳውሎስ በሮሜ 15፥21 ላይ 52፥15ን ያነሣው ወንጌል ወዳልተሰማበት ለመሄዱ ምክንያት አድርጎ ነው። ጌታ ራሱ በሉቃስ 22፥37 የጠቀሰው ከዓመፀኞች ጋር መቈጠሩን ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሐዋርያት ሥራ 8፥32-33 ያነበበው ጥቅስ ደግሞ «ስለ ሕዝቤ ኃጢአት» የሚለው ሐረግ ላይ ከመድረሱ በፊት ይቆማል! ፊልጶስ «ከዚህ መጽሐፍ ጀምሮ» ሰበከለት እንጂ ሉቃስ የስብከቱን ዝርዝር አልጻፈልንም። ኃጢአትን የመሸከሙን ትርጉም ሰፋ አድርጎ ያወጣው 1ኛ ጴጥሮስ 2፥22-25 ነው። እርሱም ቢሆን የተጻፈው ያለ በደል ለሚመቱ አገልጋዮች ነው፤ ቤዛነቱና አርአያነቱ በአንድ እስትንፋስ ተነገሩ።

ስለዚህ ክፍሉን የሚያስተምር ሰው ብዙ ትንቢትና ፍጻሜ ጎን ለጎን ከሚደረድር ሰንጠረዥ ይልቅ እነዚህን ጥቅሶች ከነዐውዳቸው ቢከተል ይሻለዋል። ሰንጠረዡ ሁሉንም እኩል ያስመስላል። ለምሳሌ በዕብራይስጡ ቁጥር 22ኛውን፣ በጥንታዊው የግሪክ ትርጉም በሰባ ሊቃናቱ 21ኛውን መዝሙር እንውሰድ። ወንጌላውያን «አምላኬ፥ አምላኬ»ን፣ የራስ መነቅነቁንና የልብስ መከፋፈሉን አንሥተዋል። ስለ እጅና እግር የሚናገረውን ቁጥር ግን ከአዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች አንድም የጠቀሰው የለም፤ በዕብራይስጥ ቅጂዎችም ንባቡ አከራካሪ ነው። ክርክሩን ከዚያ የሚጀምር ከደካማው ቦታ ይጀምራል።

በሙት ባሕር አጠገብ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተገኙት የቁምራን ጥቅልሎች ታላቁ የኢሳይያስ ጥቅልል በ53፥11 «ብርሃን ያያል» ይላል። ሰባ ሊቃናቱም እንዲሁ። «ብርሃን» የሚለው ቃል በማሶሬቱ፣ ማለትም አይሁድ ባቆዩት መደበኛ የዕብራይስጥ ጽሑፍ፣ የለም። ከሞት በኋላ የሚታይ ብርሃን ለትንሣኤ ንባብ ይመቻል፤ ምስክሩም ክርስቲያኖች የጨመሩት አይደለም፣ ጥቅልሉ ከእነርሱ ይቀድማልና።

ወደ ወጉት ተመልክተው እንደሚያለቅሱ የሚናገረውን ዘካርያስ 12፥10ን ዮሐንስ 19፥37 ለተወጋው ጎን ጠቅሶታል። የረቢዎች ትምህርት ስብስብ በሆነው በባቢሎን ታልሙድ፣ ሱካ በተባለው ክፍል 52ሀ ላይ፣ የዚያ ቁጥር ልቅሶ ለተገደለው ለዮሴፍ ልጅ መሲሕ ነው የሚል አስተያየት ይገኛል። የሚገደል መሲሕ እንግዲህ ለረቢዎቹም ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ልዩነቱ እነርሱ የሚሞተውንና የሚነግሠውን የዳዊት ልጅ ሁለት ሰው ሲያደርጉ፣ ክርስቲያኖች አንድ መሲሕና ሁለት ምጽአት ማለታቸው ነው።