«ብልሽት አልተገኘም»

በሥራዬ የምጠላው ወረቀት ቢኖር ላፕቶፕ ከጥገና ማዕከል ሲመለስ አብሮት የሚመጣው ነው። በተለይ «ተፈትሿል፤ ብልሽት አልተገኘም» የሚል ሲሆን። እኔ የመሥሪያ ቤት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ማሽኑ ለሠራተኛው የሚሰጠው በእኔ እጅ ነው፤ ሲበላሽም ስልክ የሚደወለው ለእኔ ነው።

ባለጉዳይዋ የሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን ነበሩ። ሥራ መሃል ላይ የላፕቶፓቸው ስክሪን ድንገት ጥቁር ይሆናል። ማሽኑ አልጠፋም። ማራገቢያው ይሰማል፤ የቁልፎቹም መብራት አለ። ስክሪኑ ብቻ ድርግም! ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። እኔ ሮጬ ስደርስ ደግሞ ጥርት ብሎ ይሠራል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሰው ያያል መሰለኝ» ይሉኛል።

የአምራቹ ዋስትና አልቋል። ደግነቱ ሲገዛ የተራዘመ ዋስትና ተጨምሮበታል። እንግዲያው ምን ያሳስባል፣ ተልኮ ይጠገናል ተባለ። የጥገና ማዕከሉ ቅጽ ላይ «የችግሩ መግለጫ» የምትል አንዲት ጠባብ መስመር አለች። ቅጹን የሞላው ግዥ ክፍል ነው። «ስክሪኑ አንዳንዴ ይጠፋል» ብሎ ላከው። ላፕቶፑ ሄደ፤ ያን ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

ኃላፊዋ ተናደዱ። «ውሸቴን ነው እንዴ ታዲያ?» አሉ። እኔ ግን በቴክኒሻኑ ብዙም አልፈረድኩም። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ ያስቀምጣል፤ የመመርመሪያ ፕሮግራሙን ያስነሳል። ፕሮግራሙ ሚሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ፕሮሰሰሩን ይፈትሻል። ሁሉም «አልፏል» ይላል። ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ማንም አይነካውም። አንዳንዴ ብቅ እያለ የሚጠፋ ብልሽት ሐኪም ፊት ሲቀርቡ እንደሚለቅ የጥርስ ሕመም ነው። ቴክኒሻኑ በዓይኑ ካላየው ደግሞ አይጠግነውም።

በቅሬታ ተመልሶ ተላከ። በዚህኛው ዙር ማዘርቦርዱን፣ የማሽኑ ክፍሎች ሁሉ የሚያያዙበትን ዋናውን ሰሌዳ፣ ቀየሩት። ለምን? ደንበኛ ሲጮህ ትልቁን ዕቃ መቀየር ይቀላል። ግምት እንጂ ምርመራ አልነበረም።

ላፕቶፑ መጥቶ ሲበራ ዊንዶውስ አልገባም። ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ የቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ፣ መልሶ ማግኛ ቁልፍ ጠየቀ፤ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር። ኃላፊዋ ደነገጡ። «ፓስወርዴን ቀየሩብኝ?» አሉ። የቀየረ የለም። ቢትሎከር ዲስኩን ሲቆልፍ መክፈቻውን የሚያስጠብቀው ቲፒኤም ለሚባል የደኅንነት ቺፕ ነው። የድሮው ማዘርቦርድ ሲነሳ የድሮው ቲፒኤምም አብሮ ሄደ። ዲስኩ አዲሱን ቦርድ ከየት ይወቀው? ቁልፉ በመሥሪያ ቤቱ ሲስተም ላይ ተቀምጦ ስለነበር እሳቸው ስድስት ስድስት አሃዝ እያነበቡ እኔ አስገባሁት። ቁልፉ ባይኖር ኖሮ ባክአፕ ያልተደረገ ፋይል ሁሉ ደህና ሰንብት ነበር።

መሥሪያ ቤት ለማይሠራም ይህ ነገር ይመለከተዋል። ብዙ አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባባቸው ባለቤቱን ብዙም ሳይጠይቁ ዲስኩን ይቆልፋሉ። ቁልፉ የሚቀመጠው እዚያው አካውንት ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ለጥገና ከመስጠት በፊት ገብቶ አይቶ ወረቀት ላይ መገልበጥ ነው። የጥገና ማዕከሉ አያስታውስም። ፋይል ቢጠፋ ተጠያቂ እንዳልሆነ ግን ውሉ ላይ አስቀድሞ ጽፏል።

ስክሪኑስ? በዚያው ዕለት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሥራቸውን ሲሠሩ ዝም ብዬ አያለሁ። ሰው ሊያናግራቸው ሲመጣ ፊቱን ለማየት ስክሪኑን ወደ ታች ዝቅ ያደርጉታል። ሰውየው ሲሄድ መልሰው ወደ ኋላ ይገፉታል። ሲገፉት፣ ክዳኑ ቀጥ ብሎ ከቆመበት ትንሽ እንዳለፈ፣ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ወደ ፊት መለስ ሳደርገው በራ። ደግሜ ገፋሁት፤ ጠፋ። እውነቴን ነው፣ ብልሽት አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የላፕቶፕ ስክሪን ምስሉን የሚያገኘው በማጠፊያው በኩል በሚያልፍ ቀጭን ኬብል ነው። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ኬብሉ ይታጠፋል። ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ከላሉ በአንዱ አቅጣጫ ይገናኛሉ፤ በሌላው ይለያያሉ። ለማረጋገጥ በኤችዲኤምአይ ሌላ ሞኒተር ሰካሁ። የላፕቶፑ ስክሪን ጨልሞ እያለ ሞኒተሩ ላይ ምስሉ ፍንክች አላለም። ማዘርቦርዱ ምስሉን በደንብ ይልካል ማለት ነው። ነገሩ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ወይ ኬብሉ ነው ወይ ስክሪኑ ራሱ። ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው።

በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩ። መጀመሪያ ከሥር የተለጠፈውን ሲሪያል ቁጥር አሳየሁ። ቀጥሎ ክዳኑን በአንድ ጣት ቀስ አድርጌ ስገፋ፣ ሞኒተሩም ከጎኑ እየታየ። ማዕዘኖቹንና ማጠፊያውን ደግሞ ፎቶ አነሳሁ። የእኛ ውል የሚሸፍነው ከዕቃው ከራሱ የመጣ ብልሽትን ነው፤ መውደቅንና ውሃ መፍሰስን አይጨምርም። በመንገድ ላይ ጫፉ ቢጋጭ «ጥላችሁት ነው» የሚል ክርክር ይነሳል፤ ያኔ ከአፍ ይልቅ ፎቶ ያዋጣል። በዚያች ጠባብ መስመር ፈንታ አንድ ገጽ አያይዤ ጻፍኩ፦ ክዳኑ ከ90 ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ ይጠፋል፤ ወደ ፊት ሲመለስ ይበራል፤ የውጭ ሞኒተር ላይ ችግር የለም፤ ማዘርቦርድ ተቀይሮ ለውጥ የለም፤ የስክሪኑ ኬብል ይታይልን።

ጨረስኩ ስል ሌላ ዱብ ዕዳ መጣ። ጥያቄውን ላፕቶፑ ላይ ባለው በአምራቹ ፕሮግራም ልልክ ስሞክር ማሽኑ አይታወቅም አለኝ። ደወልኩ።

«ይሄ ማሽን ዋስትና የለውም ጌታዬ፤ ሲስተሙ ላይ ሲሪያል ቁጥሩ ባዶ ነው» አለኝ ልጁ።

«ቁጥሩ እኮ ከሥሩ ተለጥፏል፤ ላንብብልህ?»

«ሲስተሙ የሚያነበው ከውስጥ ያለውን ነው።»

«ከውስጥ ያለውን ቦርድ የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ!»

ዝም አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሪያል ቁጥሩ ከተለጣፊው ሌላ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥም ይጻፋል፤ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ፕሮግራም፣ ሲከፈት የሚታየው እሱ ነው። መለዋወጫ ቦርድ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ቁጥሩን ማስገባት የቴክኒሻኑ ሥራ ነው። ረስቶት ነበር። ደረሰኙን፣ የዋስትና ውሉንና «ማዘርቦርድ ተቀይሯል» የሚለውን የራሳቸውን ወረቀት አንድ ላይ ላኩላቸው። ልጁ ጉዳዩን ወደ አለቃው አስተላለፈ። አለቃው አልተከራከረም። ምን ብሎ ይከራከራል?

ኬብሉ ተቀየረ። ላፕቶፑን ያመጣው ሰው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ሲለኝ፣ ትንሽ ጠብቅ አልኩትና ባዮሱን ከፍቼ ሲሪያሉን ከተለጣፊው ጋር አመሳከርኩ። ከዚያ ክዳኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አመላለስኩት። ሰውየው ግራ ገብቶት ያየኛል። ኃላፊዋ ከጀርባዬ ቆመው «ደህና አድርገህ ግፋው» ይላሉ። አልጠፋም። ፈረምኩ።

አሁን ስክሪኑ ሰላም ነው። ባትሪው ግን መድከም ጀምሯል፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ብዙም አይቆይም። ውሉን አውጥቼ አየሁት። የተራዘመው ዋስትና ባትሪን አይጨምርም፤ ባትሪ የተሸፈነው በአምራቹ ዋስትና የመጀመሪያውን 1 ዓመት ብቻ ነበር። ለግዥ ክፍል ማመልከቻ ጽፌያለሁ።